ከጣልናቸው መካከል

አንድ ሰኞ ጠዋት ዶክተር አንድ ካርቶን ታቅፈው ወደ ቤተ ሙከራው ገቡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት።

«ክፈችው» አሉኝ።

ዶክተር የምላቸው መምህሬን ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስማር ኤሌክትሮኒክስ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በኋላ እኔም እዚያው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ረዳት መምህር ሆኜ ስቀጠር የሥራ ባልደረባዬ ሆኑ፤ አጠራሬ ግን አልተለወጠም። የዘጌ ቄስ ልጅ ናቸው። አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ሹራብ ላይ ነጠላ ጣል የሚያደርጉ፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን ከፍ የማያደርጉ ሴት። ውጭ አገር ብዙ ዓመት ተምረውና ሠርተው መመለሳቸውን የሰማሁት ከሌላ ሰው ነው፤ እሳቸው አንስተውት አያውቁም።

ካርቶኑ ውስጥ በስፖንጅ የተጠቀለለ አረንጓዴ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ ነበር። መካከሉ ላይ ብስኩት የሚያክል ቺፕ ተቀምጦበታል፤ ዳር ዳሩን የብርሃን ገመድ የሚሰካባቸው ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። እንዲህ ያለ ነገር በመጽሐፍ ካልሆነ አይቼ አላውቅም ነበር። እጄን ሰድጄ መለስሁት።

«ንኪው እንጂ፣ አይናከስም» አሉና ሳቁ። «ሥራ መጥቶልኛል። ብቻዬን አልወጣውም።»

ሥራው እንዲህ ነው። አውሮፓ ውስጥ ከመሬት በታች በተቆፈረ ክብ ዋሻ ፕሮቶኖች ከሁለት አቅጣጫ በብርሃን ፍጥነት ገደማ እየመጡ ይጋጫሉ። ይህ በሰከንድ አርባ ሚሊዮን ጊዜ ይሆናል። ግጭቱ የሚደርስበትን ቦታ ከቦ ፎቅ ቤት የሚያክል መሣሪያ ተተክሏል፤ የሚበተኑትን ቅንጣቶች ይመዘግባል። ነገር ግን የተመዘገበውን ሁሉ ሊያስቀምጥ የሚችል ኮምፒዩተር በዓለም ላይ የለም። ስለዚህ አብዛኛው እዚያው ይጣላል። የትኛው እንደሚቀር፣ የትኛው እንደሚጣል የሚወስን ኤሌክትሮኒክስ አለ፤ በሙያው ትሪገር ይሉታል፤ እኛ «መራጩ» እንለው ነበር። ለመወሰን የሚሰጠው ጊዜ ዓይን ከሚርገበገብበት እጅግ ያንሳል። አንዴ የጣለውን ደግሞ ማንም መልሶ አያገኘውም።

የዚያን ዕለት ማታ ለእናቴ ለማስረዳት ሞከርሁ። ቤታችን ባሕር ዳር ግሽ አባይ ሰፈር ነው፤ አባቴ የፋብሪካ መካኒክ ሆኖ ሊሠራ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነው።

«በሰከንድ አርባ ሚሊዮን ግጭት?» አለች እናቴ፤ ሽንኩርቱን መክተፏን ትታ አማተበች። «ምነው ልጄ፣ ግጭት አነሰን?»

«እማ፣ የሰው ግጭት አይደለም። የቅንጣት ነው።»

«የምንም ይሁን። እናንተ ታስታርቃላችሁ?»

«እኛ እንመርጣለን።»

በማግስቱ ለጎረቤት ስታወራ ሰማኋት፤ ልጄ የፈረንጆችን ጠብ ትመረምራለች ትላለች። አባቴ ሊያርማት አፉን ከፈተና ተወው።

ለእኛ የደረሰን ከትልቁ መራጭ አንድ ትንሽ ቁራጭ ነበር። ሙዮን የሚባል ቅንጣት አለ፤ ሌሎቹ በመሣሪያው ወፍራም ብረት ውስጥ ተውጠው ሲቀሩ እሱ አልፎ ይወጣል። ሙዮን ታየ ማለት ብዙ ጊዜ መሃል ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ተፈጥሯል ማለት ነው። የእኛ ቺፕ አንዱ ከሌላው በላይ ከተደረደሩ አራት መመልከቻዎች የሚመጣውን ምልክት አገጣጥሞ «ይህ ከመሃል የመጣ ሙዮን ነው» ወይም «አይደለም» ማለት ነበረበት። ለዚህ የተፈቀደለት አሥራ ሁለት ምት ብቻ ነው። ምት የምንለው ከአንዱ ግጭት እስከሚቀጥለው ያለችውን ጊዜ ነው፤ የሰከንድ አርባ ሚሊዮንኛ።

የመጀመሪያው ንድፌ አሥራ ዘጠኝ ምት ፈጀ።

«አሥራ ዘጠኝ» አልኋቸው አንገቴን ደፍቼ።

«በአሥራ ዘጠኝ ግን በትክክል ይሠራል?»

«ይሠራል።»

«እንግዲያ የሚሠራ ነገር አለን። የሚሠራን ነገር ማሳጠር ምንም ሳይኖር ከመጀመር ይቀላል። ነይ ተቀመጪ።»

አራት ማዕዘን መስመር ያለበት ትልቅ ደብተር ነበራቸው። እያንዳንዱን ምልክት በአንድ ረድፍ፣ እያንዳንዱን ምት በአንድ ሣጥን እያደረጉ በእርሳስ ይሥላሉ። እኔ በኮምፒዩተር ስክሪን ላይ ሳምንት ሙሉ ያላየሁትን እዚያ ወረቀት ላይ አየሁት፦ አንዱ ስሌት ሌላውን ያለ ምክንያት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሁለቱን በአንድ ሣጥን ማስኬድ ይቻል ነበር። ሣጥን በሣጥን ወረድን። አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስድስት። ጠዋት ጠዋት አስተምራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ እዚያ ክፍል ነኝ። ከመስኮቱ ማዶ ዘንባባው፣ ከዘንባባው ማዶ ጣና ይታያል፤ እኔ ግን ወራት ሙሉ ቀና ብዬ አላየሁትም።

በእነዚያ ወራት ዶክተር አንድ ቀን እንኳ ኪቦርዱን ከእጄ አልወሰዱም። ስህተቴን ከእኔ ቀድመው እንዳዩት ከአተነፋፈሳቸው አውቃለሁ፤ ግን እኔው እስክደርስበት ይጠብቃሉ። አንዳንዴ ግማሽ ሰዓት ይጠብቃሉ። በሌላ ሰው ላይ እንዲህ ያለ ትዕግሥት አይቼ አላውቅም። ስደርስበት ደግሞ «እሰይ» ይሉና እንደ አዲስ ነገር ይገረማሉ።

አሥራ አራት ላይ ቆመን ቀረን። ሁለት ምት የምቆርጥበት አጣሁ። አንድ ቀን ታዲያ በንድፌ ውስጥ ትርፍ የመሰለኝን ነገር አገኘሁ። ቺፑ ባለፈው ምት የመጣለትን ምልክት ለአፍታ ይዞ ከአሁኑ ጋር ያስተያይ ነበር። ሙዮን ፈጣን ስለሆነ ምልክቱ በአራቱም መመልከቻዎች በአንድ ምት ውስጥ ይመዘገባል። ታዲያ ያለፈውን መያዝ ለምን አስፈለገ? አወጣሁት። አሥራ ሁለት ሆነ። ሞከርሁት፤ ሙዮኖቹን ሁሉ ያዘ። ወደ ዶክተር ቢሮ በሩጫ ሄድሁ።

ደብተራቸው ላይ እንደገና ሥለው፣ ሁለት ቀን አይተው አጸደቁት። መሣሪያውን በጋራ ለሚሠሩት የየአገሩ ተመራማሪዎች በኢንተርኔት ስናቀርብ የእኔን ስም ከራሳቸው በፊት ጻፉ። «ዶክተር፣ ይሄ ነውር ነው» አልኋቸው። «ነውሩ ያልሠሩትን የሠሩ መምሰል ነው» አሉኝ። ንድፉ ተቀባይነት አገኘ። አባቴ በሬዲዮ ይነገራል ብሎ ሲጠብቅ ሰነበተ።

ከዚያ በኋላ ኢንተርኔት ከከተማው ጠፋ።

መጀመሪያ ለሁለት ሦስት ቀን መስሎን ነበር። ሳምንት ሆነ፤ ወር ሆነ። ስብሰባ የለም፣ የሚላላክ የለም። ከተማው ጭንቅ ላይ ነበር፤ ከቤት የማይወጣበትም ቀን ነበር። ብዙ ባልደረቦቻችን ሥራቸውን ዘግተው ተቀመጡ፤ አልፈርድባቸውም፤ እኔም ልቀመጥ ነበር።

መንገድ በተከፈተ በመጀመሪያው ቀን ዶክተር ደወሉልኝ። «ቤተ ሙከራ ነኝ። ብትችይ ነይ።»

ስደርስ የማስመሰያ መረጃ የተጫነበትን ሃርድ ዲስክ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠዋል። ይህ መረጃ ንድፎች የሚፈተኑበት ነው፤ በኮምፒዩተር የተፈጠሩ የግጭት ዓይነቶች አሉበት።

«እስካሁን ያየነው ቺፑ ያስቀረልንን ነው» አሉኝ። «ያስቀረነውን ዓለም ሁሉ ያየዋል፤ ስህተት ቢኖርበት ሌላ ሰው ያርመናል። የጣልነውን ግን ከእኛ ሌላ የሚያየው የለም። ጊዜ አግኝተናል፤ እንየው።»

«ዶክተር፣ የተጣሉት እኮ ሚሊዮን ናቸው።»

«ሁሉንም አይደለም። ሳንመርጥ ከየቦታው እንዝገን።»

እውነቱን ለመናገር ሥራ እንዳንፈታ የተፈጠረ ሥራ መሰለኝ። ቢሆንም መብራት ሲኖር እናትማለን፤ ሲጠፋ ወረቀቱን ይዘን መስኮቱ ስር እንቀመጣለን። እያንዳንዱ ወረቀት ላይ አንድ የተጣለ ግጭት አለ፤ ለአራቱ መመልከቻዎች አራት መስመር፣ መስመሮቹ ላይ ነጠብጣብ። «ይህ መጣሉ ልክ ነው?» እንላለን። ልክ ነው። ወደሚቀጥለው። ዶክተር ልክ እንደ ተማሪ ፈተና ወረቀት አንዱንም ሳይዘሉ ያዩታል። በሦስተኛው ሳምንት እኔ ማየቴን ትቼ ማገላበጥ ጀምሬ ነበር። እሳቸው ግን የመጨረሻውን ወረቀት የሚያዩት የመጀመሪያውን ባዩበት ዓይን ነው።

አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ዶክተር ክፍል ገብተው ሳለ አንድ ወረቀት እጄ ላይ ቀረ። ሁለቱ የውስጥ መመልከቻዎች ምልክት አላቸው፤ ሁለቱ የውጭዎቹ ባዶ ናቸው። ቺፑ «አይደለም» ብሎ ጥሎታል። ልክ ነው ልል ስል የቀጣዩን ምት መረጃ ለማየት አሰብሁ፤ ለምን እንዳሰብሁ አላውቅም። ከፍቼ አየሁት። ሁለቱ የውጭ ምልክቶች እዚያ ናቸው። አንድ ምት ዘግይተው። አራቱን በአንድ ላይ ስሥላቸው ከመሃል የመጣ ቀጥ ያለ መስመር ሆኑ።

ከባድና ዘገምተኛ ቅንጣት ነበር። እንዲህ ያለ ቅንጣት በእውነቱ ዓለም እስካሁን ማንም አላየም፤ የፊዚክስ ሊቃውንት ግን ሊኖር ይችላል ብለው ይፈልጉታል። በማስመሰያው ውስጥ የተጨመረውም ለዚህ ነው። ውስጥ ያሉትን በአንድ ምት፣ ውጭ ያሉትን በሚቀጥለው ይነካል። የእኔ ቺፕ ግማሹን ያይና ይጥለዋል፤ በሚቀጥለው ምት ሌላውን ግማሽ ያይና ይጥለዋል። የመጀመሪያው ንድፌ፣ ያ አሥራ ዘጠኝ ምት የፈጀው፣ ይይዘው ነበር። ትርፍ ነው ብዬ ያወጣሁት ነገር ነበር የሚይዘው።

ሌሎቹን ተመሳሳዮች ፈለግሁ። ዲስኩ ላይ ያሉትን ሁሉ፣ አንድ ሳይቀር፣ ጥለናቸዋል።

ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁ። ዶክተር ከክፍል ሲመለሱ «ዛሬስ?» አሉኝ። «ምንም የለም» አልሁ። ድምፄን አሁንም እሰማዋለሁ።

ቅዳሜ እናቴን ለማምጣት ወንዛዬ ሄድሁ፤ ለጉልበቷ ፍል ውሃ ገብታ ሰንብታ ነበር። ተጣጥባ፣ ፊቷ ወዝቶ፣ ደስ ብሏት አገኘኋት። ሚኒባሱን ስንጠብቅ ጎኔ ተቀምጣ ብዙ አየችኝ።

«ሰው ሞቶ ደብቃችሁኝ ነው?»

«ኧረ የለም እማ።»

«ታዲያ ምንድን ነው?»

ነገርኋት፤ ቅንጣቱንና ምቱን ትቼ። መምህሬን የሚያሳፍር ስህተት ሠርቻለሁ፤ ሰው ሁሉ አጽድቆታል፤ ካልተናገርሁ ማንም አያውቅም አልኋት።

«እሳቸው ክፉ ናቸው እንዴ?» አለችኝ።

«የለም። ክፉ ቢሆኑማ ቀላል ነበር።»

እናቴ እጄን ይዛ እስከ ባሕር ዳር ድረስ አልለቀቀችኝም።

ሰኞ ጠዋት ወረቀቱን ዘርግቼ ዶክተር ፊት አስቀመጥሁት። መነጽራቸውን አደረጉ። የቀጣዩን ምት ወረቀት ጎን ለጎን አደረግሁላቸው። አራቱን ነጠብጣቦች በእርሳስ አገናኙ። ከዚያ ተነሥተው በሩን ዘጉ።

«መቼ አገኘሽው?»

«ሐሙስ።»

«ዛሬ ሰኞ ነው።»

«አዎ።»

«ይሄን ሁሉ ቀን ብቻሽን ተሸክመሽው ነዋ!» አሉና ትከሻዬን ያዙኝ። ይህን ጊዜ አለቀስሁ። እሳቸው እስካቆም ጠበቁኝ፤ ከዚያ «እንዲህ ያለ ነገር ያገኘ ሰው ያለቅሳል? ሦስት ሳምንት የፈለግነውን እኮ ነው ያገኘሽው» አሉኝ።

«የእኔ ስህተት ነው፣ ዶክተር። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

«ሁለት ቀን ደብተሬ ላይ አፍጥጬ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ። አሁን የማን እንደሆነ ማከፋፈሉን እንተወውና፣ እነዚያ ሰዎች ቺፑን ሳይተክሉት እንዴት እንደምንደርስ እናስብ።»

በኢንተርኔት መላክ አይቻልም። በአውሮፕላን አዲስ አበባ ሄድን። ዶክተር ዲስኩን ጭናቸው ላይ ይዘውት ነው የበረሩት፤ ሻንጣ ውስጥ አላስገቡትም። እኅታቸው ቤት አረፍን። ሳሎኑ ውስጥ ለኢንተርኔቱ የሚቀርበው ቦታ የልብስ ስፌት መኪናው ስለነበር ላፕቶፑን እሱ ላይ አስቀመጥነው። በስክሪኑ ላይ ከየአገሩ የተሰበሰቡ ብዙ ፊቶች መጡ። ለረጅም ጊዜ ድምፃችን ስለጠፋ ደኅና መሆናችንን ጠየቁን። ዶክተር አመስግነው ወዲያው ወደ ጉዳዩ ገቡ።

«ያጸደቃችሁልን ንድፍ ስህተት አለበት» አሉ። «ንድፉን መርምሬ ያሳለፍሁት እኔ ነኝ። ስህተቱን ያገኘችው ግን እሷ ናት፤ እሷው ታስረዳችሁ።»

እኔ እንደማስረዳ አስቀድመው አልነገሩኝም ነበር። ወረቀቶቹን አሳየሁ። እንግሊዝኛዬ ሁለት ጊዜ ጠፋብኝ፤ ዶክተር ሁለቱንም ጊዜ ዝም ብለው ጠበቁኝ። ስጨርስ ሰብሳቢው፣ ነጭ ጢም ያላቸው ትልቅ ሰው፣ አስተያየት ጠየቁ።

ከዚያ አንዱ «እንዲህ ያለ ቅንጣት እስካሁን ታይቶ አያውቅም፤ ለእሱ ብለን ሁሉንም ነገር ማዘግየት አለብን?» አለ።

ዶክተር ያን የማይጮህ ድምፃቸውን አንድ ደረጃ እንኳ ሳይጨምሩ መለሱለት። «ሊታይ የሚችልበትን በር ራሳችን ዘግተን አልታየም ማለት እንችላለን? ባይኖር፣ የለም የምንለው ፈልገን አጥተን መሆን አለበት።»

ያ ሰው በእሺታ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላ ክርክር አልተነሣም። ሰብሳቢው እስከሚቀጥለው ግምገማ ጊዜ ሰጡን። ሲሰናበቱ ሌሎቹ ቡድኖችም ከጣሉት ላይ ዘግነው እንዲያዩ አሳሰቡ። ዶክተር ላፕቶፑን ሲዘጉ እኅታቸው ከኩሽና ብቅ ብለው «ተጣላችሁ እንዴ? ድምፅሽን እኮ አላወቅሁትም» አሏቸው። እኔ ምንም ልዩነት አልሰማሁበትም ነበር፤ እኅት ይሰማዋል መሰለኝ።

ባሕር ዳር ተመልሰን ያወጣሁትን መለስነው። አሥራ አራት ምት። ሁለት ምት መቁረጥ አለብን፤ አሁን ግን ምንም የማይወጣበት ንድፍ ነው። አንዱን ዶክተር አገኙት፦ ቺፑ በእያንዳንዱ ጊዜ የሚያባዛውን ቁጥር አስቀድመን አባዝተን በሠንጠረዥ ብናስቀምጥለት ማንበብ ብቻ ይቀረዋል። ሠንጠረዡን በእርሳስ ጀመሩት፤ ለማመን ያስቸግራል፤ የመጀመሪያዎቹን ረድፎች በእጃቸው ካሰሉ በኋላ ነው ለኮምፒዩተር የሰጡት። «አንድ ቁጥር እንኳ በእጄ ሳልነካ አላምነውም» ይሉ ነበር። ሁለተኛውን ምት እኔ አገኘሁት። የውጭዎቹ መመልከቻዎች ምልክት እስኪደርስ ሳንጠብቅ የውስጦቹን ማስላት መጀመር ይቻል ነበር። ዶክተር ደብተሩ ላይ ሥለው ሲያዩት «እሰይ» አላሉም። እርሳሱን አስቀመጡና ወደ መስኮቱ ሄዱ፤ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ትንሽ ቆሙ። ከዚያ ዞረው «ይሄን እኔ አላገኘውም ነበር» አሉኝ። ከእሳቸው የሰማሁት ትልቁ ነገር ይህ ነው።

በአሥራ ሁለት ምት፣ ዘገምተኛውንም ፈጣኑንም የሚይዝ ንድፍ ይዘን በዚያው መንገድ ዲስኩን እንደገና አዲስ አበባ አደረስን። ዶክተር አንድ ነገር ጨመሩበት፦ ቺፑ ከሚጥላቸው መካከል አልፎ አልፎ አንዱን ያለ ምንም ምርጫ እንዲያስቀር አደረጉ፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው የምንጥለውን ማየት እንዲችል። ግምገማውን አለፈ። አሁን ከዚያ ዋሻ ውስጥ ነው።

ኢንተርኔት ከተመለሰ በኋላ አንድ ቀን ዋሻው ካለበት የምርምር ማዕከል ሥዕል ተላከልን። የእኛ ቁራጭ የመረጠው የመጀመሪያው እውነተኛ ግጭት ነው። ተራ ሙዮን ነበር፤ አራት ነጠብጣብ፣ አንድ ቀጥ ያለ መስመር። ዶክተርን ጠራኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ ብለው አዩት፤ ነጠብጣቦቹን አንድ በአንድ በጣታቸው ነኩ።

«ደኅና ነው» አሉ። ከዚያ ሰዓታቸውን አይተው «ክፍል አለኝ» ብለው ወጡ። ስለዚያ ሥዕል ከዚያ በኋላ ሲያወሩ አልሰማኋቸውም።

ዘገምተኛው ቅንጣት እስካሁን አልተገኘም። ላይገኝም ይችላል። አንድ ጊዜ ከቤተ ሙከራው ወጥተን ጣና ዳር ስንሄድ ያ ሁሉ ድካም ምናልባት ለማይኖር ነገር እንደሆነ አያሳዝንዎትም ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥያቄው አስገረማቸው።

«ኖረም አልኖረም እኛ ልክ ሠርተናል» አሉኝ። «የእሱ መኖርና አለመኖር የእኛ ሥራ አይደለም።»

ጡረታ ለመውጣት ጥቂት ቀርቷቸዋል። በዚህ ዓመት ደግሞ ማንም መምህር የማይፈልገውን የመጀመሪያ ዓመት ክፍል ጠይቀው ወሰዱ። ባለፈው ሳምንት በክፍላቸው በር ሳልፍ አንዲት ተማሪ ሰሌዳ ላይ ቆማ ሰርኪዩት እየሣለች ነበር። ተሳስታለች፤ እኔ ከበሩ አየሁት። ዶክተር የመጨረሻው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው፣ ይጠብቋታል። ሌሎቹ ተማሪዎች ያጉረመርማሉ። ልጅቱ ቾኩን ይዛ ቆማ ቀረች፤ ዞር ብላ አየቻቸው፤ እሳቸው ምንም አላሉም። እኔም ቆሜ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ልጅቱ እጇን አንስታ አንዱን መስመር አጠፋችው።